የመቀመጫ አሥራ ሰባት ምክንያት

ምትክ በረራ 304 ከቦሌ የተነሳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስድስት ጎማ አለው። ካፒቴን ሮቤል ሃያ ስድስት ዓመት ጄት ያበረሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አውቶብስ ይነዳሉ፤ ኮፍያቸውንና ትከሻቸው ላይ ያሉትን አራት ወርቃማ መስመሮች ግን አላወለቁም። እኔ ኤልዳና እባላለሁ፣ አስተናጋጅ ነኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እግሬ ያብጣል፣ ትዕግሥቴም ካለቀ ቆይቷል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሠራሁትን ስትሰሙ የዋህ ነበረች ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው።

ጊዜው 2071 ዓ.ም.፣ ግንቦት ነው። ያን ቀን ድሬዳዋ አርባ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። ሙቀቱ ከአርባ ሰባት ሲያልፍ ሰማዩ ይዘጋል፤ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። በዚያ ወር ሰማዩ የተከፈተው አራት ቀን ብቻ ነው። ሲዘጋ ድርጅታችን ተሳፋሪውን በመሬት ይልካል። ይሁንና በትኬቱም ሆነ በመድን ውሉ ላይ ተሳፋሪው በረራ ላይ ነው። የፊተኛው በር ሲዘጋ በረራው ይጀምራል፣ ሲከፈት ያበቃል። በሩ እንደተዘጋ የሁሉም ሰው ስልክ አብሮ ይዘጋል፤ በረራ ነዋ! ሞጆን ስናልፍ እኔ መሃል ላይ ቆሜ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር እንዳለ በእጄ አሳያለሁ። ጃኬት የሚባል ነገር የለም። ማሳየቱ ግን አልቀረም።

መቀመጫ የሚሰጠው በምክንያት ነው። ያን ጠዋት ቦሌ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተኮልኩሎ ነበር፤ እኛ የምንጭነው አርባ አራት። ምክንያት አንድ፣ በጠና የታመመ የቅርብ ሰው ያለው ነው። ሰርግ ምክንያት አምስት ነው። ናፍቆት ምክንያት አይደለም፤ በየቀኑ ግን እሱን ይዞ የሚሰለፍ ሰው አላጣም።

መቀመጫ አሥራ ሰባት ፌቨን ትባላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የድሬ ልጅ። የድሬ ልጅ መሆኗን ለማወቅ ትኬት ማየት አያስፈልግም፤ ገና ሳልቀበላት "አንቺ፣ ስንት ሰዓት ነው የምታስገቢን?" አለችኝ። በእናቷ ዕድሜ ልሆን ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ድሬ ግን "እርስዎ" ብሎ ነገር አያውቅም።

"አሥር ሰዓት ተኩል፣ እግዜር ካለ" አልኳት።

"አቦ ጨመር ያድርገው በይው ሾፌሩን!"

"ካፒቴን ነው የሚባሉት።"

"ካፒቴን ይሁን፣ ብቻ ይንዳው!"

ከቀበቶዋ በላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን ይዛለች። ዕቃ ወደ ታች ይደረግ የሚለውን ደንብ ነገርኳት። አልሰጥም አለች። ቆጣ ብዬ እጄን ስዘረጋ ሳጥኑን ከፍታ አሳየችኝ። የጆሮ መስሚያ ነው።

"የእናቴ ነው። ተሰብሮባት አዲስ አበባ ላሠራው ይዤው መጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አታነሳም፤ ብታነሳስ ምን ትሰማለች? አሁን ታማለች። ልቧ ነው። ሳትሄድ አንድ ነገር ልነግራት ነው" አለች።

ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ራሷ ተናገረችው። ከእናቷ ጋር ሲለያዩ ተጣልተው ነበር፤ በቤት ነው፣ በውርስ ነው፣ በማይረባ ነገር። መስሚያው የተሰበረውም የዚያን ዕለት፣ እሷ በር ወርውራ ስትወጣ፣ ጠረጴዛው ተነቃንቆ ወድቆ ነው። "ይቅር በይኝ ልበላት። በጆሮዋ ትስማው። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን" አለች። ሳጥኑን ተውኩላት።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ድሮ መተሐራ የነበረችበትን፣ አሁን የበሰቃ ሐይቅ የተኛበትን ቦታ በድልድይ እየተሻገርን ሳለ ነው። መልእክት የሚቀበለው የእኔ ታብሌት ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦

መቀመጫ 17። ምክንያት ተቋርጧል። ተሳፋሪዋ አዋሽ ላይ ትውረድ። መቀመጫው ለተጠባባቂ ይሰጥ።

ምክንያት አንድ ሲቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የሥራ ልምድ አያስፈልግም። ታማሚው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። የዳነ ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም። ከሥሩ የቤተሰብ ማስታወሻ ተያይዟል፦ "አጎቷ ናትናኤል ነኝ። እህቴ ሜሮን ዛሬ ጠዋት አርፋለች። አደራችሁን፣ ልጅቷ እንዳትሰማ። እቤት ስትደርስ እኛው እናረዳታለን።"

ወደ ፊት ሄጄ ለካፒቴኑ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

"አዋሽ ላይ እናውርዳት ነው የሚሉት?" አሉኝ።

"አዎ። ስናወርዳት ለምን ብላ ትጠይቃለች።"

"ትጠይቃለች እንጂ! ምን ልትያት ነው?"

የአዋሽን መጠለያ ያላየ ሰው ዕድለኛ ነው። ሸራ፣ አሸዋና በቀን ሁለት ሊትር ውሃ። ከቀደሙት በረራዎች ምክንያታቸው የተቋረጠባቸው ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ወደ ኋላ የሚመልሳቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ አሥር ቀን። እሷን እዚያ ጥለናት፣ መርዶዋን ከአንድ ዘበኛ አፍ እንድትሰማ! በዚያ ላይ ታብሌቱ እንደሚለው አዋሽ ላይ መቀመጫውን የምትጠብቀው ሴትዮም ባሏ ድሬዳዋ ሆስፒታል የተኛባት ናት፤ የእሷም ምክንያት አንድ ነው። በማን ልፍረድ?

መቀመጫ ሦስት ላይ፣ ከካፒቴኑ ጀርባ፣ ጋሽ ዚያድ የሚባሉ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ለልጅ ልጃቸው ኒካህ ነው የሚሄዱት። ቦሌ ወለል ላይ ስድስት ቀን ስለተኙ ብቻ ነው ምክንያት አምስት ይዘው መቀመጫ ያገኙት። ሹክሹክታችንን ሰምተዋል።

"አቦ፣ እኔ ልውረድ" አሉ።

"ጋሽ ዚያድ፣ ኒካሁ ነገ አይደለም እንዴ?"

"ነገ ነው። ያላንተ አይሆንም የሚለኝ የለም፤ ያገባሉ። ልጅቷ ግን እናቷን አንዴ ነው የምትቀብረው።" ከመቀመጫቸው ተነስተው ቦርሳቸውን ማውረድ ጀመሩ። "አንድ ነገር ብቻ። ማንም እንዳይነግራት። መርዶ የሚሰማው ዘመድ እቅፍ ውስጥ ነው። በወላሂ ማይልኝ!"

"በወላሂ" አልኩ፣ ክርስቲያኗ ሴትዮ። ሌላ ምን ልበል?

አዋሽ ላይ የሚከፈተው የኋላው ትንሽ በር ነው፤ እሱ በደንቡ የዕቃ መግቢያ እንጂ በር አይባልም፣ ስለዚህ በረራው አይቋረጥም። ጋሽ ዚያድ በሻንጣዎች መካከል ጎንበስ ብለው ወረዱ፣ ባሏ የታመመባት ሴት በዚያው ገባች። መሣሪያው ቁጥር እንጂ ፊት አይቆጥርም፤ አንድ ወርዷል፣ አንድ ገብቷል፣ ዝም አለ። በመስኮቱ ሳያቸው ሽማግሌው ሸራው ሥር ቁጭ ብለው በጋዜጣ እያራገቡ ነበር።

"ምነው ሰውየው ወረዱ?" አለችኝ ፌቨን።

"ሐሳባቸውን ለውጠው ነው።"

"በዚህ ሙቀት? አይ ሽማግሌ!" አለችና ሳቀች።

አበሻ ምስጢር ይጠብቃል የሚል ካለ ከእኔ ጋር አንድ ጉዞ ይጓዝ። ከአዋሽ አርባ ደቂቃ ሳንርቅ አውቶብሱ በሙሉ ያውቃል፤ ከመቀመጫ አሥራ ሰባት በቀር። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት የመስኮቱን ቦታ ለቀቀላት። ከኋላ አንዲት ሴት ብርቱካን ልጣ ላከች። ሌላው የውሃ ድርሻውን ሰጣት፤ በዚያ ሙቀት የውሃ ድርሻ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ቀልድ ጀመረላት። ሁሉም እያያት ፊቱን ያዞራል፤ የሚያለቅሱም አሉ፣ መነጽር አድርገው።

ሁለተኛው መልእክት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እሱን ነው እስከ ዛሬ በቃሌ የምይዘው፦

የሙቀት ደንብ። በዝግ ሰማይ ቀን ቀብር ከዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። የሟች ልጅ በራሷ ድምፅ ከጠየቀች አስከሬኑ እስከ ነገ በማቀዝቀዣ ይቆያል። የሚባለው ቃል፦ "የእናቴን ሞት ሰምቻለሁ፤ ጠብቁኝ።" የመልስ ሰዓት እስከ ሰባት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ የምንገባው አሥር ሰዓት ተኩል። ቀብሩ ዘጠኝ። ሳጥኑን ይዛ ለመቃብር አፈር ልታወራ ነው? በሌላ በኩል ደግሞ አደራ አለ፣ የአጎቷ አደራ፣ የሽማግሌው መሐላ፣ ውሃውን የሰጣት ሰው ሁሉ ዓይን።

መልእክቱን ለካፒቴኑ አነበብኩላቸው፤ ሬዲዮአቸውን አንስተው ትንሽ አወሩና ዘጉት። "ይንገሩኝ ካፒቴን፣ ምን ላድርግ?"

"ዋናውን ቢሮ ጠይቄያለሁ። ልጅቷ ትናገር አሉ። አጎትየው ይጠይቅላት አልኳቸው፤ አጎት ልጅ አይደለም አሉኝ።" ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ነው የሚናገሩት። "እኔ ብሆን እነግራት ነበር።"

"እሺ ይንገሯት! መሪውን እኔ እይዛለሁ!"

መሪውን አለቀቁም። እንግዲህ እንዲህ ነን። ሁሉም "እኔ ብሆን" ይላል።

አዋሽ ላይ የገባችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። "እህቴ፣ እንዳታደርጊው" አለች። "በመንገድ ላይ? ዘመድ በሌለበት? ደንግጣ ልቧ ቢቆም ማን ይጠየቃል? እናቷም በልብ ነው የሄደችው አሉ።" ከኋላም ከፊትም ራሶች ተነቀነቁ። አርባ ሦስት ሰው ፈረደ።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ታብሌቱን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ። "ፌቨን፣ ዛሬ ለቤተሰብ የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል ተብሏል። ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው በያቸው" አልኳት።

ፊቷ በራ። በዚያች ደቂቃ ያየሁትን ፊት ባላየሁት። መስሚያውን ከሳጥኑ አውጥታ፣ እናቷ ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ይመስል ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፦ "እማዬ፣ መስሚያሽ ድኗል። አሁን ትሰሚኛለሽ። ጠብቂኝ እሺ? ሳልመጣ እንዳትተኚ" አለች።

ሽንት ቤት ገብቼ ላክሁት። አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም፦ አልተቀበልንም። ተናጋሪዋ ሞቱን መስማቷን አላረጋገጠችም።

በሩን ቆልፌ ራሴ ሞከርኩት። ድምፄን አቅጥኜ፣ የድሬ ልጅ መስዬ፣ "የእናቴን ሞት ሰምቻለሁ፤ ጠብቁኝ" አልኩ። የእኔ እናት ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መልሱ መጣ፦ ድምፁ የመቀመጫ 17 አይደለም። በድጋሚ ሞከርኩ። አይደለም። በሦስተኛው፣ ሌላ ሙከራ በሕግ ያስጠይቃል አለኝ። ይጠይቀኝ! ለአራተኛ ጊዜ ልሞክር ስል ዘጋብኝ።

ከሽንት ቤት ስወጣ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። አሰበ ተፈሪን በሩቁ እያየናት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ። ልንገራት ብዬ ቆረጥኩ፤ እውነቴን ነው። መሐላውም ይቅር፣ አደራውም ይቅር። ወገቤን ይዤ ወደ አሥራ ሰባት ሄድኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። ባሏ የታመመባት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

"ፌቨን" አልኩ።

"ወይ! ነይማ ቁጭ በይ፣ እግርሽ አብጧል እኮ" አለችና እግሯን ሰብስባ ቦታ ሰጠችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "አንቺ፣ እኔ እኮ ሰው አልወድም ነበር። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ስኖር ጎረቤቴን አላውቅም። ዛሬ ግን ተመልከቺ፣ ብርቱካን በይው፣ ውሃ በይው። ለእማዬ የምነግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ አሁን ሁለት ሆነልኝ። ሰው ደግ ነው እላታለሁ" አለች።

እግዜር ያውቃል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። የወጣው ግን፣ "ውሃ ልጨምርልሽ?" የሚል ነው።

"ጨምሪልኝ እስቲ።"

ሄድኩ፣ ቀዳሁ፣ አመጣሁ። እስክትጠጣ ቆሜ ጠበቅኋት። ብርጭቆውን ስትመልስልኝ ታብሌቱ ላይ ሰባት ሰዓት ሆነ፣ መልእክቱም ከሰሌዳው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሠራሁ። ምሳ አደልኩ። የቁሉቢን ተራራ ስንወጣ ከፍታችንን አስታወቅሁ፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፒቴኑ ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የገባው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ፌቨን እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ሳጥኑን ታቅፋ። የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ በመስታወቱ አልፎ ገባ፤ ነቃችና ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። እናቷ የተንጨባረረ ፀጉር እንደማትወድ ነገረችኝ።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ድሬዳዋ ገባን። ደንቡን ተናገርኩ፣ የፊተኛውን በር ከፈትኩ፣ አርባ አራት ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰዉ ወረደ። አንዳንዱ ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገ፣ አንዷ ሳመቻት። እሷ ግን አልተነሳችም። ስልኳን እንኳ አላየችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

አጎቷ ከሁለት ሴቶች ጋር ጥላ ሥር ቆሟል። ጥቁር አልለበሱም፤ ሴቶቹ እንዲያውም አበባ ያለበት ቀሚስ አድርገዋል፣ ተጨንቀውበት። አጎትየው ፈገግ ብሎ እጁን ያውለበልባል። እኔም እንደ እሷ ወደ ታች አየሁ። ጫማው ላይ እስከ ማሰሪያው ድረስ እርጥብ ቀይ አፈር አለ። ፊታቸውንም ልብሳቸውንም አዘጋጅተው ጫማውን ረስተውታል።

"አጎቴ ናቲ ጫማውን በቀን ሁለቴ የሚያስጠርግ ሰው ነው" አለች ፌቨን።

ከመስኮቱ ዞራ አየችኝ።

"ሽማግሌው ለዚህ ነው የወረዱት?"

"አዎ።"

"ብርቱካኑም?"

"አዎ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"መተሐራ ላይ።"

"ድምፄን የቀዳሽው ምን ልታደርጊበት ነው?"

ነገርኳት። ቃሉን፣ ሰዓቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሽንት ቤት ውስጥ የሠራሁትን። ልትመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ብትነግሪኝ ኖሮ እስከ መቼ ይጠብቁኝ ነበር?"

"እስከ ነገ።"

"እስከ ነገ" አለች። መስሚያውን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፣ ቀበቶዋን ጎትታ አሰረች። "በሩ ሲዘጋ በረራ ላይ ነኝ አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ዝጊው።"

አጎቷ ወደ በሩ እየመጣ ነበር፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ። ዘጋሁበት። ስልኳ እጇ ላይ ተዘጋ። ካፒቴን ሮቤል ከመሪው ፊት አልተነቃነቁም። አጎትየው በሩን በመዳፉ ይመታል፣ "ልጄ፣ ልጄ" ይላል።

"እነሱ አይደሉም የሚነግሩኝ፤ አንቺ ነሽ። አርባ ሦስት ሰው ሲያውቅ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ" አለች።

መቀመጫ አሥራ ስድስት ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። በሕይወቴ ብዙ ማስታወቂያ ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን ለመናገር ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። "ፌቨን፣ እናትሽ አርፋለች። ቀብረዋታል" አልኳት።

"ሰማሁ" አለች። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ደረቷ ጨምቃ፦ "የእናቴን ሞት ሰማሁ። ጠብቁኝ በያቸው። ኤልዳና፣ በናትሽ፣ ጠብቁኝ በያቸው!"

ታብሌቱ ጭኔ ላይ በራ። የመቀመጫ 17 ድምፅ ተረጋግጧል፤ የመልስ ሰዓቱ አልፏል ይላል። እንዳታየው ገልብጬ አስቀመጥኩት። የመልሱ በረራ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ ደጅ ተሳፋሪዎች ምክንያታቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። እኔ በሩን አልከፈትኩም።